ጥንድ ካርታ የምትለየው ሐዋ

መካ ለመሞት የሄደችው ማማ ከቢራ ነበረች፤ የሞተችው ግን ሐዋ ናት። አሮጊቷ ይኸው ዛሬም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች፤ ሻዩ ስኳር አነሰው እያለችም ሠራተኛ ታስለቅሳለች። ሐዋ ላይ ግን ታላቁ መስጊድ ሐረም ውስጥ ከአሱር በኋላ የጀናዛ ሰላት ተሰገደባት፤ ከየአገሩ የመጣ፣ ስሟንም መልኳንም የማያውቅ ሕዝብ ዱዓ አደረገላት። ይህን በዋትስአፕ የነገረችኝ የአገሯ ልጅ "ማሻአላህ፣ እንዴት የታደለች ናት!" አለችኝ። ሐዋ ራሷ ብትሰማ ምን እንደምትል አላጣሁትም። "ይሄን ሁሉ ሰው ለመሰብሰብ የግድ መሞት ነበረብኝ?" ነው የምትለው።

ሐዋ ካርታ ተጫዋች ነበረች። ዘመዶቿ ቅር እንዳይላቸው ቶሎ ልናገርና፣ በገንዘብ ተጫውታ አታውቅም። እኛ የምንጫወተው በልብስ መቆንጠጫ ነው። ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ውስጥ ጥቂት ሐበሻ ሴቶች አዋጥተን የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረችን። ጁምዓ ዕረፍት ያላት ሁሉ እዚያ ትመጣለች፤ ትተኛለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ማዳሟን ታማለች። ምሳ ከተበላ በኋላ ሐዋ ፍራሹ መሃል ትቀመጥና መቆንጠጫ የሞላበትን ፌስታል ትዘረግፈዋለች። ለሁላችንም እኩል ይታደላል። መቆንጠጫዋን ቀድማ የጨረሰች የዚያን ቀን መታጠቢያ ቤቱን ታጥባለች። መታጠቢያ ቤቱን ያየ ሰው ለምን እንደዚያ ከልባችን እንደምንጫወት ይገባዋል።

"ሐዋ፣ ይሄ ነገር ሐራም አይደለም እንዴ?" ብላ አንዷ ጠየቀቻት አንድ ቀን።

"አልጠየቅኩም" አለች ሐዋ፣ አውራ ጣቷን ልሳ ካርታ እያደለች። "ከጠየቅኩ ይነግሩኛላ።"

አዛን ሲል ግን ካርታውን ትራስ ስር ከታ ትነሳለች። ውዱዕ አድርጋ፣ ሰላቷን ሳታጎድል ሰግዳ፣ ዱዓዋን አድርጋ ትመለስና "እሺ፣ ማን ነበረች የተቃጠለችው?" ትላለች። በመሃል የሐዋን ካርታ አይታ ልትቀይርባት የሞከረች አንዲት ልጅ ነበረች። ሐዋ ሱጁድ ላይ፣ ግንባሯን መሬት ደፍታ እንዴት እንዳየቻት እስከ ዛሬ አናውቅም።

ጨዋታውን የተማረችው ቤይሩት ነው። እዚያ ስትሠራ አሮጊት ማዳሟ ከባልቴት ጓደኞቿ ጋር በፒስታቺዮ ትጫወት ነበር፤ አንዷ በታመመች ቁጥር ሐዋን ከእቃ ማጠቢያው ጎትተው ያስቀምጧታል። "መጀመሪያ እንድሸነፍ ነበር የሚያስቀምጡኝ" ትለን ነበር። "ኋላ ኋላ ፒስታቺዮ ከቤቱ ጠፋ።"

ጨዋታው ሃያ አንድ ነው። ለእያንዳንዷ ሁለት ካርታ ይሰጣታል፤ ተደምሮ ወደ ሃያ አንድ የቀረበች ታሸንፋለች፣ ያለፈች ትቃጠላለች። ምስል ያለበት ካርታ ሁሉ እንደ አስር ይቆጠራል። ሰጪዋ ከያዘችው አንዱን ገልጣ ታስቀምጣለች፤ ሌሎቻችን እሱን እያየን ካርታ እንጨምራለን ወይም እንቆማለን። ይሄን ማንም ይለምደዋል። የሐዋ ጥበብ ጥንድ ሲመጣ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ የደረሳት ሰው አንድ መቆንጠጫ ጨምራ ጥንዱን መለየትና ለየብቻ እንደ ሁለት እጅ መጫወት ትችላለች። መቼ ትለይ? መቼ አትለይ? ሐዋ ሰው የምትለካው በዚህ ነበር።

"ስምንትና ስምንት ስንት ነው?" ትለኛለች።

"አስራ ስድስት።"

"አስራ ስድስት ምንድነው?"

"ምንም አይልም፣ ጥሩ ነው።"

"ጥሩ አይደለም! አስራ ስድስት ቆሻሻ ነው። ካርታ ብትጨምሪ ትቃጠያለሽ፣ ባትጨምሪ ትበዪያለሽ። ለዪያቸው! ለየብቻ ሲሆኑ ስምንቶቹ ገና ሰው ይሆናሉ።"

"ሁለት ንጉሥስ?"

"ሃያ ነው። ሃያ ይዘሽ ምን ልትሆኚ ነው የምትለዪው? ተቀመጪበት!"

እኔ የእሷ ተቃራኒ ነበርኩ። ስምንቶቹን፣ አብረው መጥተው እንዴት እለያያቸዋለሁ ብዬ አቅፌ እቀመጣለሁ። ሁለት ንጉሥ ሲመጣልኝ ደግሞ ስግብግብነቴ ይነሳና እለያቸዋለሁ። መታጠቢያ ቤቱን ብዙ ጊዜ ማን ታጥብ እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። "ታደለች ብሎ ስም! ደላላው ስምሽን የቀየረው ወዶ አይደለም" ትለኝ ነበር።

ይህን ላስረዳ። እኔ ታደለች ነኝ፤ ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ግን ዘይነብ ነኝ። በመጣሁበት ጊዜ ደላላው የክርስቲያን ስም ቪዛ ያዘገያል ብሎ፣ እናቴ ያወጣችልኝን ስም በአንድ ከሰዓት ዘይነብ አደረገው። እንደኔ ያለን ብዙ ነን። ሐዋን ያገኘኋት ጅዳ በገባሁ ማግስት፣ በተቀጠርኩበት ቪላ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እሷ የማማ ከቢራ ጠባቂና የቤቱ ጽዳት ነበረች፤ እኔ ወጥ ሠሪ ተብዬ መጣሁ። በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ዘይነብ ነሽ አሉኝ። እስቲ ፋቲሓ ቅሪልኝ።"

ሻንጣዬን መልሼ አነሳሁ። ሳቋን ለቀቀችው።

"አብሽሪ! አንገትሽ ላይ ማተቡ የነበረበት ቦታ እኮ ነጭ መስመር ሆኗል። ሻርፕ ጠምጥሚበት። የእናትሽ ስም ማን ነው? ማለቴ እናትሽ ያወጣችልሽ?"

ነገርኳት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ሐዋ ልላት ስሞክር "እትዬ ብለሽ አታስረጂኝ፣ ገና ባል አገባለሁ" አለችኝ። ባል አላገባችም። ሦስት ሰው ጠይቋት እንደነበርና ሦስቱንም "ሰባት ናቸው፣ ምን ቢደመርባቸው አያምሩም" ብላ እንደመለሰቻቸው ግን ዐውቃለሁ።

ሰው ሁሉ ለእሷ ካርታ ነበር። ክፍላችን ውስጥ ከነበሩት ልጆች አንዷ ፔትሮሚን ጋራዥ የሚሠራ እጮኛዋን ልታሳየን ታች ሱቁ ድረስ አመጣችው። ልጁ ዝምተኛ፣ እሷም ዝምተኛ፤ ሁለቱም እግራቸውን እያዩ ለስላሳ ጠጡ። እነሱ ሲሄዱ ሁላችን አይሆንም አልን። ሐዋ ብቻ "አምስትና አምስት ናቸው። ለየብቻ አይረቡም፤ አብረው ሲሆኑ ግን አስር ናቸው፣ በአስር ላይ ምንም ቢመጣ ያምራል። እንዳትነኳቸው!" አለች። ዛሬ ወልደው ከብደው ደሴ ሱቅ ከፍተዋል፤ አሁንም አይናገሩም አሉ።

እኔና እሷም ጥንድ ነበርን። ቪላው ውስጥ አንዷን ያለ አንዷ የጠራን ሰው አልነበረም። እሷ ውሃ የምታሳርር ሴት ናት፤ እንቁላል እንኳ ቀቅላ አታውቅም፤ የአሮጊቷን ሾርባ ሳይቀር እኔ ሠርቼ እሷ "ሠራሁልሽ" ብላ ታቀርባለች። እኔ ደግሞ ዐረብኛ አልለመድኩም። ስንት ዓመት ጅዳ ኖሬ፣ ማዳም ስትጠራኝ ዞር ብዬ የማየው ሐዋን ነበር። ሱቅ ስሄድ ሐዋ፣ ሐኪም ቤት ስሄድ ሐዋ፣ ታክሲ ስሳፈር ሐዋ። ማዳም ስትሰድበኝ እንኳ ሐዋ ተርጉማ፣ ጨዉን ቀንሳ ነበር የምታደርሰኝ። አንድ ጊዜ ማዳም ረጅም ጩኸት ጮኸችብኝ፤ ሐዋ አዳምጣ ስታበቃ "ሩዙ ትንሽ ጠጠር ብሏል ነው የምትለው" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ለማዳም ፈገግ አልኩላት። ማዳም ተስፋ ቆርጣ ወጣች።

ታዲያ አንድ ቀን ማማ ከቢራ ተነሳችና መካ ሄጄ፣ ሐረም አጠገብ ተቀምጬ ነው የምሞተው አለች። ልጅየዋ፣ ማለትም ማዳም፣ አለቀሰች፤ አሮጊቷ ግን አፓርታማ አስይዛ ነበር። "ሐዋና ዘይነብ አብረውኝ ይሄዳሉ" አለች። ሐዋ ተርጉማልኝ ስታበቃ ጮቤ ረገጥኩ። የፈራሁት እንዳንለያይ ብቻ ነበር፤ ክርስቲያን መካ ባይገባም ኢቃማዬ ዘይነብ ይላል፣ ኬላው ላይ ማን ይጠይቀኛል?

የዚያን ጁምዓ ሂንዳዊያ ሌሎቹ ሳይመጡ ደረስን። ካርታ አላወጣችም። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

"ታዱ፣ አትሄጂም።"

"ለምን? አሮጊቷ ጠርታኝ የለም?"

"የጠራችው ዘይነብን ነው። እዚያ ቤት አምስት ጊዜ ከጎኗ ቆመሽ ልትሰግጂ ነው? በውሸት? በሐረም ደጃፍ? ስሚ፣ እኔ የምጫወተው በካርታ ነው፤ በአላህ አልጫወትም። አንቺም በእመቤትሽ አትጫወቺ።"

"እሺ፣ መካ ይቅር። አንቺም አትሂጂ። ሌላ ቤት አብረን እንግባ።"

"አይሆንም፣ ኸላስ። መለየት አለብን።"

"ለምን ተብሎ?" ድምፄ ከፍ አለ። "አስር ነን እኮ! አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። አስርና አስር አይለይም!"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ፤ ካርታ ስታመዛዝን እንደምታደርገው ማለት ነው።

"ስምንት ነን" አለች። "አየሽ፣ አንቺ አፍ የለሽም፣ እኔ እጅ የለኝም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሠራተኛ ነን። አስራ ስድስት። እስከ ዛሬ ያልተበላነው ሰጪው ስላላየን ነው።"

"አስር ነን!"

"ስምንት!"

እንዲህ ስንባባል ሌሎቹ ልጆች ገቡና ምን ሆናችሁ ብለው ሳቁብን። እኔ ግን ከልቤ ተናድጄ ነበር። ሰው ጓደኛውን ስምንት ይላል? የዚያን ቀን ስጫወት በእልህ የመጣልኝን ጥንድ ሁሉ ያዝኩ፤ መታጠቢያ ቤቱንም አጠብኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ማዳም ከእናቷ ጋር ተጣልታ ስታበቃ ወጥ ቤት መጥታ ወገቤን ይዛ አቀፈችኝ። አቅፋኝ አታውቅም። ሐዋ ተረጎመችልኝ፦ "ወጥ ሠሪዬን ለማንም አልሰጥም ብላለች። አንቺ እዚህ ትቀሪያለሽ።" ነገሩ በዚህ አለቀ። ሐዋ ሻንጣዋን ስትዘጋ መቆንጠጫውን ለእኔ ተወችልኝ። እኔም ሳልሸኛት ቀረሁ፤ ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አልቅሼ ከሆነ በሽንኩርቱ ነው።

ከእሷ በኋላ ያሉትን ወራት ማስታወስ አልፈልግም። ማዳም ቅመም ፈልጋ "ከሙን" ስትለኝ ኮሚዲኖውን አጸዳሁላት። ሥጋ ሻጩ ስንት ጊዜ ጉበት ሰጥቶ ሸኘኝ። ሐዋ ጋ ስደውልና "እስቲ ለማዳም ንገሪልኝ" ስላት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። መልሳ ደውላ "ምን ልትያት ነበር? በይ ለእኔ በዐረብኛ ንገሪኝ" ትለኛለች። በንዴት እየተንተባተብኩ እነግራታለሁ። ትስቅብኛለች፤ ታርመኛለች፤ ትዘጋለች። ከንዴት የተማርኩት ዐረብኛ ስለሆነ ዛሬም ከሁሉ አጥርቼ የማውቀው ስድቡን ነው።

ኋላ መገናኘት ጀመርን። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ሙስሊሙን በአንድ በኩል፣ ሌላውን በሌላ በኩል የሚያሳልፍ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ከሰሌዳው በፊት አንድ ማደያ፣ ማደያው ውስጥም ሻይ ቤት አለ። የማማ ከቢራ ሹፌር ሐዋን እዚያ ያደርሳታል፤ እኔ ከጅዳ በታክሲ እመጣለሁ። ሂንዳዊያ ቀርቶ ማደያ ሆነ ጁምዓችን። እሷ በሳህን ወጥ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ራሷ የሠራችው። አሮጊቷ ወጥ ሠሪ ስላልቀጠረች ሐዋ ተገዳ መጥበስ ጀምራ ነበር። የመጀመሪያውን ሳህን ማደያው ውስጥ የነበረ ድመት እንኳ አሽትቶ ነው የተወው። የኋለኞቹ ግን ይበላሉ። አንዱን እንዲያውም ደግሜያለሁ፤ አልነገርኳትም እንጂ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ ፊቷ አብጦ ነበር። ክንዷ ላይ ፋሻ ተጠቅልሏል። "ኩላሊቴን እያጠቡልኝ ነው፣ እንደ ምንጣፍ" አለችኝ። አሳላፊው ቀዝቃዛ ሻይ አምጥቶ ሊሄድ ሲል ጠራሁት። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ሻይ እናትህ ትሰጣለች ወይ፣ ይሄን ደፍተህ ትኩስ አምጣ፣ ብርጭቆውንም እጠበው፣ አለዚያ ባለቤቱን ጥራልኝ፤ ይህን ሁሉ በዐረብኛ፣ ሳልንተባተብ። ልጁ እየሮጠ ሄደ። ሐዋ ባልታሰረው እጇ ጠረጴዛውን ደበደበችልኝ።

"ወላሂ፣ አፍ አወጣሽ!"

"እሺ ተሸነፍኩ" አልኳት። "ልክ ነበርሽ። ስምንት ነበርን።"

ሳቋን አቋረጠች።

"ማዳምን እኔ ነኝ የነገርኳት" አለች። "'ዘይነብ ከሄደች የምትበዪው የራስሽን እጅ ነው' አልኳት። ወዲያው ሄዳ ከእናቷ ጋር ተጣላች።"

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። እናትና ልጅ የጨረሱት ነገር ይመስለኝ ነበር። ማደያ ውስጥ ሰው ሁሉ እስኪያየን ጮህኩባት፤ አንቺ ማን ነሽና ስለ እኔ ትወስኛለሽ አልኳት። ጨርሼ እስክበርድላት ፋሻዋን እያስተካከለች ጠበቀችኝ።

"አስር ነበርን፣ ታዱ" አለች። "ስምንት ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አስርን ማን ይለያል? እኔ ግን ሰጪው ምን ገልጦ እንዳስቀመጠ አይቼ ነበር። ሐኪሙ ያኔ፣ ሂንዳዊያ እጅሽን ሳልይዝ በፊት ነው ኩላሊቴ ማለቁን የነገረኝ። መካ ይዤሽ ብገባ፣ እኔ ስሄድ አንቺ እዚያ በሌላ ሰው ስም፣ አፍ ሳይኖርሽ፣ ከዚያች አሮጊት ጋር ትቀሪ ነበር። ማን ይናገርልሽ ነበር?"

በጨዋታው ሕግ ከሄድን ተሳስታለች። አስር አይለይም፤ ሰጪው ምንም ይያዝ ምን አይለይም። ይህን ልነግራት ፈልጌ ነበር። ተነስቼ ከጀርባዋ አቀፍኳት፤ እሷም "ፋሻውን፣ ፋሻውን!" እያለች ጮኸች። ከዚያ አሳላፊው ትኩስ ሻይ አመጣ፣ ጠጣን፣ ሹፌሩ መጣ። እኔ ወደ ጅዳ፣ እሷ ወደ ሰሌዳው ሄድን።

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሊጥ እያቦካሁ ሳለ ነው። የመካ ቁጥር ነበር። አንዲት ሴት "ታደለሽ? ታደለስ?" እያለች በስሜ ትቸገራለች። ሐዋ ሆስፒታል ውስጥ የእህቴ ስም ነው ብላ ያስያዘችው ዘይነብን አልነበረም። ነርሷ ቸኩላ ነበር፤ የሐኪም ቤት ዐረብኛ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነገር። ማታ እንደደከመች፣ ያደረጉት ሁሉ እንዳልረዳት፣ ከፈጅር ትንሽ ቀደም ብሎ እንዳረፈች ነገረችኝ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ሊጥ በያዘው እጄ ስልኩን ጨብጬ ዞር አልኩ፤ "ምን አለች?" የምለው ሰው ፈለግሁ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ዝም ስል ነርሷ የተረዳሁ አልመሰላትም። ባዕድ መሆኔን ከስሜ ዐውቃለች። ድምጿን አለሳልሳ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ ከመጀመሪያው ልትደግምልኝ ጀመረች።

"ገብቶኛል፣ እህቴ" አልኳት በዐረብኛ። "የመጀመሪያውም ገብቶኛል።"